ከቆርኪ የሚጀመር ፊዚክስ

የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ በቃሉ የማይወጣ ተማሪ እምብዛም አናገኝም። ዳሩ ግን ላስቲኩ ተፈትቶ ካለቀ በኋላ የመጫወቻዋ መኪና ስለ ምን መንከባለሏን እንደምትቀጥል ብንጠይቀው፣ «የሚገፋት ኃይል ገና ስላላለቀ» ይለናል። ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የተሻረ አስተሳሰብ ነው፤ ማብራሪያ የሚያሻው መሄዷ ሳይሆን መቆሟ ነውና።

«የቤተ ሙከራ ዕቃ የለንም» የሚለው ምክንያት አያሳምነንም። ልጆቻችን ከሽቦ፣ ከቆርቆሮና ከቆርኪ መኪና ሲሠሩ ኖረዋል። ከፊቷ የታሰረ ላስቲክ በኋለኛው የእግሯ ዘንግ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይጠምጠምና በሊሾ ወለል ላይ ትለቀቅ። ቆርኪው እየተንሸራተተ በከንቱ ይሽከረከራል፤ መኪናዋም ፈቀቅ አትልም። ከተቀደደ ፊኛ የተቆረጠ ቀለበት ቆርኪው ላይ ሲጠልቅ ግን ትወነጨፋለች። እንቅፋት ብቻ ነው ተብለን የተማርነው ሰበቃ፣ ለካ ወደፊት የሚገፋትም እርሱ ኖሯል! (ጠጠር ሲጫንባት አነሳሷ የሚዘገየው ለምን እንደሆነ ለአንባቢ እንተወዋለን።)

መምህራን ማርክ ሲሰጡ ሩቅ የሄደችውን መኪና ብቻ ባይመለከቱ እንወዳለን። መኪናው ባለችበት ቀርታበት ምክንያቱን በትክክል ያስረዳ ተማሪ ከአሸናፊው የሚያንስበት ነገር አይታየንም።