ቁጠባ ከንድፍ ሲጀምር፦ የሞሪኒ 3½ ትምህርት

“ወጪ ቀንሱ” የሚል ትእዛዝ ወደ ፋብሪካ ሲወርድ ብዙውን ጊዜ የሚከተለው የብረት መሳሳት፣ የቀለም መርከስና የደንበኛ ማማረር ነው። ሆኖም ቁጠባ ሊጀመርበት የሚገባው ሌላ ቦታ አለ፤ እሱም የመሐንዲሱ ጠረጴዛ ነው። ለዚህ የጣሊያኑ ሞተር ብስክሌት ሞቶ ሞሪኒ 3½ ጥሩ ምስክር ይሆናል።

አልፎንሶ ሞሪኒ እ.ኤ.አ. በ1937 በቦሎኛ ከተማ ያቋቋሙት ኩባንያ፣ መሥራቹ በ1969 ሲሞቱ ወደ ልጃቸው ወደ ጋብሪኤላ ተላለፈ። ጊዜው ለጣሊያን ፋብሪካዎች አስቸጋሪ ነበር። የጃፓን ምርቶች የአውሮፓን ገበያ እያጥለቀለቁት ነበር፤ ሆንዳም በ1972 በ350 ሲሲ ሞተር ላይ አራት ሲሊንደር ደርድሮ ብቅ አለ። ትንሹ የቦሎኛ ፋብሪካ በሲሊንደር ብዛት ልፎካከር ቢል አቅሙ አይፈቅድለትም። ስለዚህ ከፌራሪ የመጣው መሐንዲስ ፍራንኮ ላምቤርቲኒ ሌላ መንገድ መረጠ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ሞተር 344 ሲሲ ሲሆን፣ ሁለቱ ሲሊንደሮች በ72 ዲግሪ ተራርቀው የቆሙ ናቸው። ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ አንድ ብቻ ነው፤ በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ተቀምጦ፣ ባለጥርስ ቺንጋ እያዞረው ሁለቱንም ያገለግላል። በየቴስታታው ላይ አንዳንድ ዘንግ ቢቀመጥ ኖሮ ክፍሎቹም ወጪውም በእጥፍ ይጨምሩ ነበር።

ዋናው ብልሃት ግን ያለው ቴስታታው ላይ ነው። በተለመደው አሠራር ነዳጁ የሚቃጠልበት ጉድጓድ የሚቦረቦረው በቴስታታው ውስጥ ነው። ላምቤርቲኒ የቴስታታውን ፊት ጠፍጣፋ አድርጎ ጉድጓዱን ወደ ፒስተኑ አናት አዛወረው። ጠፍጣፋ ፊት በማሽን ለማስተካከል ቀላል ነው፤ የፊተኛውና የኋለኛው ቴስታታም አንድ ዓይነት በመሆኑ ሁለት ዓይነት ማዘጋጀት አላስፈለገም። አሠራሩ አዲስ አልነበረም፤ በ1963 የወጣው የእንግሊዙ መኪና ሮቨር 2000ም ተጠቅሞበታል። የላምቤርቲኒ ብልህነት ለትንሽ ፋብሪካ የሚበጀውን ለይቶ ማወቁ ነው።

እዚህ ላይ ቁጠባው ከየት እንደተነሳና የት እንዳልደረሰ ማስተዋል ያሻል። የተቆጠበው ገዥው በማያየው ቦታ ነው። ገዥው በእጁና በእግሩ በሚነካው በኩል ግን ስስት አልነበረም። ካምቢዮው ስድስት ማርሽ አለው፤ ማቀጣጠያው ኤሌክትሮኒክ ነው። “ስፖርት” የተባለው ዓይነት በሰዓት ወደ 160 ኪሎ ሜትር ይበር ነበር፤ “ስትራዳ” የተባለው ደግሞ ለረጅም ጉዞ ይመች ነበር። በኋላም ጣሊያን ከ350 ሲሲ በላይ በሆኑት ላይ ከበድ ያለ ግብር ስትጥል 344 ሲሲው ከድንበሩ በታች ተገኘ። በዚያው ንድፍ ላይ ተመሥርቶ ባለ 125፣ ባለ 250ና ባለ 500 ሲሲም ተሠርቷል።

ታዲያ ይህን ያህል ከተቆጠበ ዋጋው ለምን ርካሽ አልሆነም? በውጭ ገበያ ሞሪኒ ሲቀርብ ገዥው በዚያው ገንዘብ ከፍ ያለ ጉልበት ያለው የጃፓን ምርት ያገኝ እንደነበር የታወቀ ነው። አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው ጥፋቱን በንድፉ ላይ ሊያሳብቡ ይወዳሉ። ይህ ግን ትክክል አይደለም። ጥሩ ንድፍ የእያንዳንዱን ክፍል ወጪ ይቀንሳል እንጂ የፋብሪካውን የማሽን፣ የደመወዝና የሽያጭ ወጪ ለብዙ ምርት አያከፋፍልም። የጃፓኖቹ ወጪ ለእጅግ ብዙ ሞተር ብስክሌት ሲካፈል፣ የሞሪኒው የሚካፈለው ለጥቂት ነበር።

ፍጻሜውም ይህንኑ ያሳያል። ኩባንያው በ1987 ለካጂቫ ተሸጠ፤ የሞሪኒ ስም ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በቻይና ባለሀብቶች እጅ ነው። የላምቤርቲኒ ሞተር ግን ዛሬም በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋል፤ ይህም ጉድለቱ የዕቃው እንዳልነበረ ይመሰክራል።

አበው “ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” ይላሉ። ለአምራች አንዱ ባላ ንድፍ ነው፤ ሁለተኛው ገበያ ነው። ሞሪኒ የመጀመሪያውን አጥብቆ ተከለ፤ ሁለተኛውን ግን አላገኘውም። ከእሱ መማር የሚፈልግ አምራች ቁጠባውን ከጠረጴዛው ይጀምር፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ክፍል ከመሠራቱ በፊት ስንት እንደሚሸጥ ይቁጠር።