አስቀድሞ ማቆምን እንማር

ባለፈው ወር ከሰኞ ገበያ ሰፈር ጥቂት ወጣቶች ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው አንድ ጉዳይ አቀረቡልን። በስጦታ ያገኙትን፣ በእግር እየተረገጠ የሚሠራ አሮጌ የማተሚያ መኪና ከነእርሳስ ፊደሉ አቋቁመው፣ ከትምህርትና ከሥራ በሚተርፋቸው ሰዓት ያለ ደመወዝ እየሠሩ፣ ለሰፈሩ ቅሬ የመዋጮ ደረሰኝ፣ ለተማሪ ቤት ማስታወቂያ፣ ለሠርግም የጥሪ ወረቀት ለማተም አስበዋል። ከእኛ የፈለጉት ቤቱ ለጤና ተስማሚ እንደ ሆነ እንድናይላቸው ብቻ ነበር። ቤቱን አየን፤ መስኮት አለው፣ ውሃም ቅርብ ነው። ዳሩ ግን «መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? ማንስ አስተማረው?» ብለን በጠየቅን ጊዜ «የመጣ ሁሉ ይሠራል፤ እያየ ይለምዳል» ሲሉ መለሱልን። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ይኸው መልስ ነው።

ያለ ዋጋ ለወገን መሥራት የተመሰገነ ነገር መሆኑን ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም። እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ተሰባስቦ ሐዘኑንም ደስታውንም የሚካፈልበት አገር ነው። ነገር ግን ቅሬ እንኳ ድንኳን ሲተክል ምሰሶውን ለማያውቅ ልጅ አያስይዝም። ብረት ደግሞ በደመወዝ የመጣውንና በፍቅር የመጣውን ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው፤ የበጎ ፈቃድ ሠራተኛ ከደመወዝተኛው ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ትምህርት ያስፈልገዋል። ደመወዝተኛው በየቀኑ ከመኪናው ጋራ ይውላል፤ በጎ ፈቃደኛው ግን በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ ስድስት ቀን ይረሳል።

የዚህ መኪና ጠባይ እንደሚከተለው ነው። ሁለት ከባድ የብረት ገጾች እንደ መጽሐፍ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉም። አታሚው በተከፈቱበት ቅጽበት የታተመውን ወረቀት በአንድ እጁ ያወጣል፣ አዲሱን በሌላው ያገባል። እግሩን ከመርገጫው ቢያነሣም ትልቁ መዘውር በኀይሉ መዞሩን አያቆምም፤ ገጾቹም መዘጋታቸውን ይቀጥላሉ። ጀማሪዎችን ከሁሉ ይልቅ የሚያታልላቸው ደግሞ ከጎን ያለው እጄታ ነው። ይህ እጄታ ፊደሉ ወረቀቱን እንዳይነካ ጥቂት ያርቀዋል እንጂ መኪናውን አያቆምም። «እጄታውን ስቤአለሁ» ብሎ እጁን ያገባ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል።

እኛም በውጭ አገር በምንማርበት ጊዜ፣ በጎ ፈቃደኞች በሚጠብቁት አንድ አሮጌ ማተሚያ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ እናገለግል ነበር። አንድ ቀን ወረቀት ከቦታው ተንሸራተተ፤ እጃችንም ሳናስበው ተከተለው። አጠገባችን የቆሙት ሽማግሌ አታሚ ክንዳችንን ይዘው ወደ ኋላ ሳቡን። ከዚያም ወር ሙሉ ወደ መኪናው እንዳንቀርብ ከልክለው ፊደል ስናስተካክል አዋሉን። በጊዜው ቅር ተሰኝተን ነበር፤ ዛሬ ግን ይህን በዐሥር ጣት ስንጽፍ እናመሰግናቸዋለን። የወደቀ ወረቀት ይውደቅ፤ ዋጋው ጥቂት ሳንቲም ነው።

ሁለተኛው ጠላት ድምፅ የለውም። የማተሚያ ፊደል የሚሠራው ከቆርቆሮና ከአንቲሞኒ ጋራ ከተቀላቀለ እርሳስ ነው፤ የሚበዛውም እርሳሱ ነው። የላቲን ፊደል 26 ሲሆን የእኛው ከ230 በላይ በመሆኑ ፊደል ለቃሚው ብዙ መሳቢያ ይከፍታል፣ የሚጠረገውም አቧራ የዚያኑ ያህል ነው። ይህን አቧራ በአፍ እፍ ማለትና በደረቅ መጥረጊያ ማስነሣት ትልቅ ስሕተት ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። እኛ በእጃችን የምንጎርስ ሕዝብ ነን። እንጀራውም፣ ቆሎውም፣ ጫቱም ወደ አፍ የሚደርሰው በጣት ነው። እርሳስ የነካ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ የጎረሰ እንደ ሆነ መርዙ ከምግቡ ጋራ ይገባል፤ ቀስ በቀስም የሆድ ቁርጠትን፣ የደም ማነስንና የእጅ መዛልን ያመጣል። ያ እጅ ማታ ለሕፃን ሲያጎርስ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ሕፃን ከዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚገባው መጠን ከዐዋቂው አራትና አምስት እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ አእምሮውንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ጉዳት የማያደርስ ተብሎ የታወቀ የእርሳስ መጠን የለም። ነፍሰ ጡር ሴትም ከዚህ ሥራ መራቅ አለባት።

ይህ ዕውቀት አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1724 ለንደን ውስጥ በማተሚያ ቤት ሲሠራ እርጥብ ፊደሉን በእሳት ዳር ያደርቅ ነበር። አንድ አሮጌ ሠራተኛ ይህን አይቶ እጅህ ሊሰንፍ ይችላል፣ ከባልንጀሮቻችን ሁለቱ እንዲያ ለመሆን ጥቂት ቀርቷቸዋል ብሎ አስጠነቀቀው። ፍራንክሊንም ይህንኑ በ1786 ለወዳጁ በደብዳቤ ገልጦለታል። እንግዲህ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በአንድ ተራ ሠራተኛ ዘንድ የታወቀውን ነገር ዛሬ አላወቅንም ብንል ማን ይቀበለናል?

ሦስተኛው እሳት ነው። ፊደል በሚታጠብበት ቤንዚን አጠገብ የቡና ከሰል አይቀመጥ። የተልባ ዘይት ያለበትን ቀለም የጠረገ ጨርቅም በአንድ ጥግ ቢከመር ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ሙቀት ሊነድ ስለሚችል፣ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይከተት።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የሥራውን አደጋ እንዲያስረዳ ያስገድደዋል፤ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላውንም ለአደጋ በሚያጋልጥ ሥራ ላይ እንዳያሰማራ ይከለክለዋል። ይሁን እንጂ አዋጁ የሚናገረው በደመወዝ ስለሚሠራ ሰው ነው። ደመወዝ በሌለበት ቤት ይህን ግዴታ ማኅበሩ ራሱ በራሱ ላይ ሊጥል ይገባዋል።

ስለዚህ ለወጣቶቹ የሰጠናቸው ምክር ይህ ነው። አንደኛ፣ ስሙ የታወቀ አንድ ኀላፊ ይኑር፤ የቤቱም ቁልፍ በእርሱ እጅ ይሁን። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ያለ ቀለምና ያለ ወረቀት መኪናውን በዝግታ ማንቀሳቀስና ማቆም ይሁን፤ ማቆምን ያላወቀ ማስነሣትን አይማር። ሦስተኛ፣ ተማሪው በኀላፊው ፊት በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ሠርቶ ካሳየ በኋላ ስሙ በመዝገብ ይጻፍ፤ ሁለት ወር የቀረም እንደገና ይፈተን። አራተኛ፣ ነጠላ፣ ሰፊ እጅጌ፣ ቀለበትና የተለቀቀ ጠጕር ወደ መኪናው አይቅረቡ። አምስተኛ፣ ማንም ብቻውን አይሥራ፤ «አቁም!» የሚል ድምፅ ከማንም ይምጣ ከማን፣ መኪናው ወዲያው ይቁም።

«ይህን ያህል ጥብቅ ከሆንን የሚያገለግለን አናገኝም» ያሉን ነበሩ። በእኛ በኩል ነገሩ ተገላቢጦሽ ይመስለናል። በበጎ ፈቃድ በመጣ ልጅ ላይ አንድ አደጋ ቢደርስ፣ በማግሥቱ ልጁን ወደዚያ ቤት የሚልክ ወላጅ አይገኝም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ እንደሚባለው፣ ልማድ ከመክፋቱ አስቀድሞ ይታረም።

መኪናው ዛሬም ጨርቅ ለብሶ ቆሟል፤ የሚጠብቀውም አስተማሪ ነው። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በወጣትነታችሁ የእርሳስ ፊደል የለቀማችሁ፣ መርገጫም የረገጣችሁ አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ከሰኞ ቀናት በአንዱ ገበያ ስትወጡ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ጎራ በሉ። እነዚህ ልጆች ብርታት አላጡም፤ ያጡት ክንዳቸውን ይዞ ወደ ኋላ የሚስባቸውን ሰው ነው።