ከመንገደኞች በረራ ወደ ጦር በረራ፦ አብራሪው ይሻገራል፣ አውሮፕላኑ ግን?

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም በማይርቀው ሳሊተ ምሕረት የሚኖር ሰው የመንገደኞች አውሮፕላን ድምፅ ለጆሮው አዲስ አይደለም። በቢሾፍቱ ዙሪያ የሚያርስ ገበሬ ደግሞ የአየር ኃይልን በረራ ለይቶ ያውቃል። አዲሱ ግዙፍ አውሮፕላን ማረፊያ በቢሾፍቱ አቅራቢያ እንዲገነባ መወሰኑ ሁለቱን የበረራ ዘርፎች ይበልጥ ጎረቤት ያደርጋቸዋል። የአየር መንገድ አብራሪ ወደ ጦር በረራ ቢሻገር ሀገር ምን ታተርፋለች፣ ምንስ ልታጣ ትችላለች የሚለው ጥያቄም በዚሁ መጠን ትኩረት ይሻል።

በሀገራችን የተለመደው ጉዞ ከአየር ኃይል ወደ አየር መንገድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም ተመሥርቶ መጋቢት 30 ቀን ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ሥራውን የመሩት አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 የአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። ከዚያ ወዲህም በአየር ኃይል የሠለጠኑ በርካታ አብራሪዎች ወደ መንገደኞች በረራ ተሻግረዋል።

የዘመናዊው አየር ኃይላችን መሥራች ግን የመጡት በተቃራኒው መንገድ ነው። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረሩ ኢትዮጵያን አገለገሉ። ቀጥሎ ኬኤልኤም በተባለው የኔዘርላንድስ አየር መንገድ ተቀጠሩ። ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን በወረረች ጊዜ ሥራቸውን ትተው ዘመቱ፤ ዲሲ-2 የተባለውን የመንገደኞች አውሮፕላን የቦምብ መጣያ አስገጥመው እ.ኤ.አ. በ1940 ለጥቃት አሰለፉት። አውሮፕላኑ ቦምብ የጣለው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማመላለሻነት ተመለሰ። ቮን ሮዘን ከጦርነቱ በኋላ ቢሾፍቱ ገብተው እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ድረስ የኢትዮጵያን አየር ኃይል አደራጁ፣ አብራሪዎችንም አሠለጠኑ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። በደመና ውስጥ በመሣሪያ መብረር፣ ረጅም መስመር መቀየስ፣ ነዳጅና ጭነት ማስላት ከአንዱ ዘርፍ ወደ ሌላው ይተላለፋሉ። ስለዚህ የአየር መንገድ አብራሪ እንደ ሲ-130 ባሉ የማመላለሻ አውሮፕላኖች ላይ ፈጥኖ ሊጠቅም ይችላል። የተዋጊ ጄት በረራ ግን ሌላ ዓለም ነው። መንገደኛ የሚያጓጉዝ አብራሪ አደጋን መሸሽ፣ ተሳፋሪንም አለማናወጥ የዘወትር ልማዱ ነው፤ ተዋጊው ደግሞ ተጠጋግቶ በቡድን መብረርን፣ ሰውነትን የሚጫን ሹል ዙርን፣ መሬት ታክኮ ማለፍን ከሥር ጀምሮ ይማራል። የዕድሜና የጤና መመዘኛውም የጠበቀ ነው።

ሙያው ተመልሶም ሕዝብን ያገለግላል። በ1960ዎቹ አጋማሽ በደረሰው ረሃብ ቮን ሮዘን ዝቅ ብለው በመብረር፣ መኪና ወደማይደርስባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች ከአየር ላይ እህል ጥለዋል። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም በጎዴ በሶማሊያ ኃይሎች ጥቃት ሕይወታቸው አለፈ።

ከአብራሪው ይልቅ ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻው አውሮፕላኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት የሲቪል አውሮፕላንን ከጦር፣ ከጉምሩክና ከፖሊስ አውሮፕላን ይለያል። በ1983 የሶቪየት ተዋጊ ጄት የኮሪያን የመንገደኞች አውሮፕላን መትቶ 269 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ መንግሥታት በበረራ ላይ ባለ የሲቪል አውሮፕላን ላይ መሣሪያ ከመጠቀም እንዲታቀቡ የሚያዝ አንቀጽ በ1984 ተጨመረ። ይህ ከለላ ጸንቶ የሚቆየው ልዩነቱ ሳይደበዝዝ ሲቀር ነው። ከተደበዘዘ ዋጋውን የሚከፍሉት ለሕክምና፣ ለንግድ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ የሚሳፈሩ ሰዎች ናቸው።

በአሜሪካ ብዙ የአየር መንገድ አብራሪዎች በተጠባባቂ ኃይልና በብሔራዊ ዘብ ውስጥ በትርፍ ጊዜያቸው የጦር አውሮፕላን ያበርራሉ። ሁለቱ ሥራዎች የተለያየ ውል፣ የተለያየ መለዮና የተለያየ አውሮፕላን አላቸው። በእኛም ሀገር እንዲህ ያለ አሠራር ቢታሰብ፣ በፈቃደኝነትና በግልጽ ሕግ ላይ ቢመሠረት፣ ሥምሪቱም ከማመላለሻ፣ ከአደጋ ጊዜ እርዳታና ከሥልጠና ቢጀምር ይበጃል። በአብራሪው ሙያ ሁለቱም ተቋማት ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ የመንገደኛው አውሮፕላን ግን የመንገደኛ ብቻ ሆኖ መቆየት አለበት።