ብሎን መፍቻ በኢሜይል

(አስተያየት፤ ከ8ኛ «ለ» ክፍል ተማሪ)

ዛሬ ወደ ላይ ይዣችሁ ልሄድ ነው። ብዙም ሩቅ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ደሴ ያህል ነው፤ ግን ወደ ሰማይ።

ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ይዞራል። ፍጥነቱ በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ እኛ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተምረን ስንጨርስ እነሱ ምድርን አንድ ጊዜ ዞረዋታል። እዚያ የሚኖሩት ጠፈርተኞች ዕቃ ሲሰበርባቸው ምን እንደሚያደርጉ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ከጎረቤት መዋስ የለም። መርካቶ የለም። ሮኬት እስኪመጣ መጠበቅ ነው፤ አንድ ኪሎ ዕቃ እዚያ ለማድረስ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይወጣል። ስለዚህ ይበላሻል ብለው ላሰቡት ነገር ሁሉ መለዋወጫ አስቀድመው ወስደው ያከማቻሉ። ግን የትኛው እንደሚበላሽ ማን ያውቃል? የተከማቸው ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ያልታሰበው ይሰበራል። (ይሄ እኛም ቤት አለ። ሁልጊዜ የሚጠፋው የምንፈልገው ክዳን ነው።)

እ.ኤ.አ. በ2014 ናሳና «ሜድ ኢን ስፔስ» የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ አንድ ስሪዲ ፕሪንተር ወደ ጣቢያው ላኩ። ስሪዲ ፕሪንተር ማለት ባለ ሦስት አውታር ማተሚያ ነው፤ በወረቀት ላይ ፊደል ሳይሆን ዕቃውን ራሱን ነው የሚያትመው። እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ ማየት ይበቃል። ሊጡ ከዳር ጀምሮ በቀጭኑ እየፈሰሰ ምጣዱን ይሞላል አይደል? ማሽኑም እንደ ክር የቀጠነ ፕላስቲክ አቅልጦ፣ በኮምፒውተር በተሰጠው ሥዕል መሠረት በቀጭኑ ያፈሰዋል። አንዱ እንጀራ ሲያልቅ በላዩ ላይ ሌላ፣ በዚያ ላይ ሌላ። እንጀራዎቹ ግን እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ጠንካራ ዕቃ ይሆናሉ። ፕላስቲኩ ኤቢኤስ ይባላል፤ የሌጎ መጫወቻ የሚሠራበት ዓይነት ነው።

ያስቸገራቸው ጥያቄ ይሄ ነበር፦ ሁሉ ነገር በሚንሳፈፍበት ቦታ የቀለጠው ፕላስቲክ በታችኛው ላይ በደንብ ይጣበቃል ወይ? በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተሞከረና ተጣበቀ። መጀመሪያ የታተመው ምን እንደሆነ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ የራሱ የማተሚያው አንድ ሽፋን ነው። ማሽኑ ሥራውን የጀመረው ለራሱ መለዋወጫ በመሥራት ነው ማለት ነው!

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ አንድ የብሎን መፍቻ ሥዕል ምድር ላይ ተዘጋጅቶ ወደ ላይ ተላከ። ጋዜጦች «በኢሜይል የተላከ ብሎን መፍቻ» ብለው ጻፉ። ማሽኑ በአራት ሰዓት ያህል ሠርቶ ጨረሰውና ባሪ ዊልሞር የሚባለው ጠፈርተኛ በእጁ ይዞ አሳየ። (ይሄ ሰውዬ በ2024 ለስምንት ቀን ብሎ ሄዶ ዘጠኝ ወር የቆየው ነው፤ በዜና ሰምታችኋል።) መፍቻው ርዝመቱ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከማስመሪያችን ያጥራል። እውነቱን ለመናገር ምንም ብሎን ለመፍታት አይደለም የተሠራው፤ ለሙከራ ነው። እሱና ሌሎቹ የታተሙት ዕቃዎች ወደ ምድር ተመልሰው፣ ያው ማሽን ከመሄዱ በፊት መሬት ላይ ካተማቸው ጋር ተነጻጸሩ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ አድጓል። በ2024 የአውሮፓ የጠፈር ድርጅትና ኤርባስ በላኩት ማሽን የማይዝግ ብረት በሌዘር እየቀለጠ መታተም ጀምሯል። ብረት ለመቅለጥ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሰው በሚተነፍስበት ዝግ ክፍል ውስጥ ይሄን ማድረግ ቀልድ አይደለም። ለምን ይደክማሉ? ማርስ ስላለች ነው። ወደ ማርስ ለመድረስ ሰባት ወር ያህል ይፈጃል፤ ጥሩው የመነሻ ጊዜ ደግሞ በ26 ወር አንዴ ነው የሚመጣው። እዚያ አንድ ቧንቧ ቢሰበር «ላኩልኝ» ማለት አይሠራም።

ይሄን ለጓደኞቼ ሳወራ አንዱ ምን አለኝ? «እኛ የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ሳይሠራ ስለ ጠፈር ቧንቧ ታወራለህ?» ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን የእሱ ንግግር የእኔን ሐሳብ የሚደግፍ ይመስለኛል። የጠፈርተኞቹ ችግር የሀብታም ችግር አይደለም፤ የእኛው ችግር ነው። ትንሽ ነገር ትሰበርና ትልቁ ዕቃ በሙሉ ይቆማል።

ደግሞም ዋናው ማሽኑ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 አፖሎ 13 ወደ ጨረቃ ሲሄድ የኦክስጅን ታንኩ ፈነዳ። ሦስቱ ጠፈርተኞች በራሳቸው ትንፋሽ በሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊታፈኑ ደረሱ። ማጣሪያ ነበራቸው፤ ግን ማጣሪያው አራት ማዕዘን፣ የሚገባበት ቀዳዳ ክብ። ምድር ላይ ያሉት መሐንዲሶች ጠፈርተኞቹ ያላቸውን ዕቃ ብቻ ቆጥረው፣ ከፕላስቲክ ከረጢት፣ ከመጽሐፍ ሽፋን፣ ከቱቦና ከፕላስተር አንድ ማገናኛ ሠሩ። ከዚያ አሠራሩን አንድ በአንድ በሬዲዮ ነገሯቸው፤ እነሱም እየሰሙ ሠሩትና ተረፉ። ያኔ ስሪዲ ፕሪንተር የሚባል ነገር አልነበረም። ከምድር የሄደላቸው ዕቃ ሳይሆን በትክክል የተለካና በትክክል የተነገረ አሠራር ነው። በ2014 የተላከውም እኮ እሱው ነው፤ በቃል ፈንታ በሥዕል ሆነ እንጂ።

ስለዚህ «ማሽኑ ሲመጣልን እንማራለን» የሚሉትን አልስማማም። መለካትና መሣል ማሽን አይጠብቅም። ናሳ ለተማሪዎች ባዘጋጀው ውድድር ያሸነፈው የአላባማ ክፍለ ግዛት ተማሪ ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነበር። ብዙ አገልግሎት ያለውን አንድ የመጠገኛ መሣሪያ ነደፈ፣ በ2016 ጠፈር ላይ ታተመለት። ወደ ላይ የሄደው ሥዕሉ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ግቢያችን ልመለስ። በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ አራት ማይክሮስኮፖች አሉ። የሚሠራው አንድ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ መስታወታቸው ደህና ነው፤ የጎደላቸው ማስተካከያው የሚዞርበት ጉልላት ነው፤ የጠርሙስ ክዳን የሚያክል ነገር! በአንዱ ማይክሮስኮፕ ስልሳ ተማሪ ተሰልፈን የሽንኩርት ሴል ለማየት ስንሞክር ደወል ይደወላል። እኔ ሳላይ ነው ያለፈኝ። ዘንድሮ ክልላዊ ፈተና እንወስዳለን፣ ከዚያ እንወጣለን፤ የሰባተኛ ክፍል ልጆችም ሳያዩ ይወጣሉ።

መስታወት በፕላስቲክ ማሽን አይታተምም፤ ይሄን አውቃለሁ። ጉልላት ግን ይታተማል። በአገራችንም ስሪዲ ፕሪንተር ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። እሱም ካልሆነ ቶርኖ ቤት ይሠራዋል፤ ወይ ምናለሽ ተራ ተመሳሳዩ ይገኛል። ማንኛውም ባለሙያ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀን «ስፋቱ ስንት ነው? ቀዳዳው ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ብሎ ነው። እስካሁን መልስ የለንም፤ ምክንያቱም ማንም አልለካም። አዲስ ማይክሮስኮፕ ይገዛልን የሚል ደብዳቤ ተጽፏል ይባላል። ይጻፍ፣ ጥሩ ነው። እስኪመጣ ግን ማስመሪያ አለን።

የሳይንስ ክበብ አባላት ሐሙስ ከሰዓት ቁም ሣጥኑ እንዲከፈትልን መምህራችንን ጠይቀናል፤ እሳቸውም እሺ ብለውናል። ከሚሠራው ማይክሮስኮፕ ላይ ጉልላቱን ፈተን እንለካለን፣ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ እንሥላለን። ማስመሪያ ሚሊ ሜትርን በደንብ ስለማያሳይ ካሊፐር ያስፈልገናል። አባቱ ወይም አጎቱ ጋራዥ ወይም ቶርኖ ቤት የሚሠራ ተማሪ ካለ፣ ለአንድ ከሰዓት ብቻ አስፈቅዶ ያምጣልን። ሥዕሉ ሲያልቅ በሚኒ ሚዲያው ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን፤ የተሳሳተ ልኬት ያያችሁ በእርሳስ አርሙልን።