ቅቅሉ ከጉልበት አይደርስም

በካዛንቺስ ጉልበቱን ያመመው ሰው ከሐኪም አስቀድሞ የሚታዘዝለት የበሬ እግር ቅቅል ነው። ከሰፈሩ የቆየ ቤት ብዙው በ2017 ዓ.ም. ቢፈርስም ምክሩ አልፈረሰም።

ነገሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም። መረቁ አድሮ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ይኸውም ከቆዳውና ከጅማቱ የወጣው ጄላቲን ውሃውን አስሮ ስለሚይዘው ነው። ሊቃውንት ሃይድሮጄል የሚሉትም እንዲሁ ውሃ ጠጥቶ የማይፈስ ነገር ነው፤ የተዘፈዘፈ አብሽ ዘመዱ ነው። ስሕተቱ ከመንገዱ ላይ ነው። በአፍ የገባ ጄላቲን በሆድ ውስጥ እንደ ማንኛውም ሥጋ ይፈጫል እንጂ ተጉዞ የጉልበትን ቀዳዳ አይደፍንም።

በአጥንቶች ጫፍ የተለበጠው ካርቲሌጅ አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው፤ የደም ሥር ግን የለውም። ስለዚህ አንዴ ከተጎዳ ራሱን መጠገን ይቸግረዋል፤ ሐኪሙ ዊልያም ሀንተር ይህንኑ በለንደን የጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1743 ነበር። በ1960 ቼኮዝሎቫካውያኑ ኦቶ ቪችተርሌና ድራሆስላቭ ሊም ለሰው አካል የሚስማማ ሃይድሮጄል አስታወቁ፤ በዓይን ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ መነጽር የዚሁ ፍሬ ነው። በ1994 የስዊድን ሐኪሞች ከበሽተኛው ጉልበት ሕዋሳት ወስደው፥ አራብተው፥ መልሰው መትከላቸውን አሳተሙ። በጃፓን በ2012 የተፈቀደው ሕክምና ደግሞ እነዚህን ሕዋሳት በኮላጅን ጄል ውስጥ አሳድጎ ከተጎዳው ስፍራ ያኖራል።

ይህ የሚጠቅመው ካርቲሌጁ በአንድ ስፍራ ለተቦደሰበት ሰው ነው፤ በአዲስ አበባ ስታዲዮም እንደሚወድቀው ኳስ ተጫዋች ላለ። በዕድሜ ብዛት ያለቀውን የአያቶቻችንን ጉልበት ግን አያድስም፤ በአንድ መርፌ አድሳለሁ የሚል ቢመጣ ገንዘባችሁን ደብቁ።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ኮላጅን ከከብት ቆዳ ይወጣል፤ እኛም በከብት ብዛት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ነን። ሞጆ ቆዳ ያለፋል፤ ቁርጥራጩን ግን ማን ይመረምረዋል? እርግጥ ከቁርጥራጭ እስከ መድኃኒት ሩቅ ነው፤ ከጀርም የጸዳ ክፍል፥ የታወቀ የከብት ጤንነት፥ ታጋሽ ኬሚስት ይጠይቃል። «ወባ ሳይጠፋ የጉልበት ጄል ቅንጦት ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ሸክም ተሸክሞ የሚያድር ሰው ግን ጉልበቱ መሣሪያው ነው፤ ሲሰበርበት ሥራውም እንጀራውም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ የአንድ ወጣት ተመራማሪ የቆዳ ኮላጅን ማመልከቻ ከጠረጴዛችሁ ቢደርስ፥ ከሌላው ፋይል በታች ከማስገባታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡት።