የኮሌጅ ተማሪና የዕለት ወሬ

ትምህርቱን በትጋት የሚከታተል ተማሪ ጊዜ የለኝም ቢል ማመካኛ አይደለም፤ እውነቱን ነው። ከማለዳ እስከ ማታ በክፍልና በቤተ መጻሕፍት፣ በቤተ ሙከራና በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ሲመላለስ ውሎ ወደ መኝታው የሚገባው ደክሞት ነው። ስለዚህ ጋዜጣ አንብብ፣ የዓለምንና የአገርህን ነገር እወቅ ብሎ መምከር ቀላል ሲሆን፣ ምክሩን መፈጸም ግን ቀላል አለመሆኑን እናውቃለን። ዳሩ ግን ወሬን የማይከታተል ተማሪ፣ ወሬው ራሱ ተከትሎ የሚደርስበት ጊዜ አለ።

በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት የመውጫ ፈተና እንዲፈተኑ ሆነ። ነገሩ ከመፈጸሙ አስቀድሞ ሲነገር የቆየ ስለ ሆነ፣ በጊዜ የሰማ ሰው የቀደሙትን ዓመታት ደብተሮች ቀስ በቀስ ለመመልከት ፋታ ነበረው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆነ። ከቤቱ በሚላክለት ጥቂት ገንዘብ የሚኖር ተማሪ ይህን የባንክ ሰዎች ነገር ነው ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን የሐሰት ወሬ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሁለት ተማሪዎች ሕይወት ካለፈ በኋላ፣ ሁከቱ በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ተሰምቶ ብዙ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ትተው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በእንዲህ ያለ ሌሊት ስልክ የያዘ ሁሉ ወሬ ነጋሪ ይሆናል፤ የሌላ አገርና የሌላ ዓመት ሥዕል የዛሬ ነው እየተባለ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይተላለፋል፤ እናትም በሩቅ ሆና እንቅልፍ ታጣለች። ልጁ ሻንጣውን ይዞ በሌሊት መንገድ ይውጣ ወይስ ይቀመጥ የሚለው ነገር የሚቆረጠው በዚያች ሰዓት በሰማው ወሬ ነው።

በዚህ ነገር የአፋር ወገኖቻችን ከብዙ የተማረ ሰው ይበልጣሉ። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ይኸውም ስለ ዝናቡና ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙና ስለ ጠቡ የሚያውቁትን ተራ በተራ መነጋገር ነው። ነጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰው ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ የሰማውም ከሆነ ከማን እንደ ሰማ ይጠየቃል፤ ሐሰት ያወራ ሰው በወገኑ ዘንድ ይነወራል። ውኃና ሣር እየተፈለገ በሚኖርበት በረሓ የሐሰት ወሬ መንጋን ያስጨርሳልና። ተማሪም በስልኩ መልእክት በመጣ ቁጥር ማን አየው፣ መቼ፣ የት፣ ከማንስ ሰማህ ብሎ ቢጠይቅና መልስ ያጣውን ወሬ ለሌላ ባያስተላልፍ፣ የጓደኞቹን ሌሊት ያሳርፋል።

ስለ ጊዜው የሆነ እንደ ሆነ፣ በእኛ አስተያየት በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ እርሱም ከቁርስ ጋር ቢሆን እንጂ በመኝታ ላይ ባይሆን መልካም ነው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. በተጀመረ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ወሬው በየደቂቃው ስለሚፈስ አንባቢው ሁሉን ልስማ ሲል አንዱንም ሳይጨብጥ ይውላል። ስለዚህ የመንግሥቱን አንድ ጋዜጣና የግል የሆነ አንድ ጋዜጣ መርጦ፣ ስለ አንድ ነገር ሁለቱ የጻፉትን ማስተያየት ይሻላል። አዋጅ ወጣ ሲባልም ከሰው አፍ ከመስማት ይልቅ የነጋሪት ጋዜጣውን ቃል ራሱን ማንበብ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከክርክሩ ያጠረ ሆኖ ይገኛል።

በአንድ ክፍል የሚያድሩ ተማሪዎች ሥራውን ቢካፈሉት ደግሞ ይቀላል። አንዲቱ የገበያውን፣ ሁለተኛይቱ የጤናውን፣ ሦስተኛይቱ የውጭ አገሩን ነገር አንብባ፣ ቅዳሜ ማታ በቡና ላይ ብትነግራቸው ጨዋታውም ይሞቃል። ትንሽ ራድዮም ቢኖራቸው አይጠላም፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል በተቋረጠ ጊዜ፣ በስልክ ብቻ ወሬ የለመደ ሰው ጨልሞበት ነበር።

ወላጆችም የሰሙትን አስፈሪ ወሬ ሁሉ ወደ ልጃቸው ከመላክ ይልቅ፣ በሳምንት በተወሰነ ቀንና ሰዓት ደውለው እርሱ ባለበት ቦታ በዓይኑ ያየውን ቢጠይቁት እንመርጣለን። እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት ሰዓት ቢሆን፣ ታናናሾቹም አብረው ይሰማሉ።