ፌስታል ውስጥ የሚሞት ቁርስ

የሙያ ጓደኞቼ ስለ ቻይና ሲያወሩ የሚሉት ነገር አንድ ነው፦ ክፍያው በስልክ፣ ባቡሩ ፈጣን፣ ከተማው ንጹህ፣ ምግቡ በአፕ። ቀጥለው «እኛም እንዲህ ብናጸዳው» ይላሉ። እኔ ሻንጋይ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። ያ የሚያደንቁት ጽዳት ምን ጠርጎ እንደወሰደ ሲያነሱ ግን ሰምቼ አላውቅም።

የሻንጋይ የጥንት ቁርስ አራት ነገር ነው፦ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚጋገር ቂጣ፣ ዮውቲያው የሚባል የተጠበሰ ሊጥ፣ የሚያጣብቅ ሩዝ ጥቅልል እና የአኩሪ አተር ወተት። የከተማው ሰው በቡድሃ ቤተ መቅደስ በር ላይ በሚቆሙት አራት ጠባቂዎች ስም ነው የሚጠራቸው።

ዮውቲያውን ያየ የኛ ሰው «ፓስቲ ነው እንዴ?» ይላል። ቆይ። ሁለት ቁራጭ ሊጥ ይደራረባል፣ መሃሉ በቀጭን እንጨት ይጫናል፣ ተስቦ ዘይት ውስጥ ይገባል። ሁለት ለምን? አንድ ብቻ ቢሆን ዘይቱ ዙሪያውን ወዲያው ያደርቀውና መንፋቱን ያቆማል። ሁለቱ ሲጣበቁ ግን የተነካኩበት ጎን ከዘይቱ ስለሚከለል ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል፤ እንፋሎቱም በዚያ በኩል እየገፋ ይነፋዋል። ይሄን ያሰበው ሰው ኢንጂነር ካልሆነ እኔም ዲግሪዬን ልመልስ።

ጨው ያለበት የአኩሪ አተር ወተት ደግሞ አለ። ትኩሱ ወተት ኮምጣጤ ጠብ ባለበት ሳህን ላይ ሲፈስ እዚያው ፊታችሁ ይረጋል። ዮውቲያው ተቆራርጦ ይጨመርበታል። ሳይርስ መበላት አለበት፤ በቃ፣ ለዚያ ነው በርጩማው እዚያ ያለው።

እስቲ ይሄን በዴሊቨሪ እዘዙ። ዮውቲያው ፌስታል ውስጥ በራሱ እንፋሎት ይላላል፣ ወተቱም ውሃና ጉርጉር ሆኖ ይደርሳል። ደንበኛው አንድ ኮከብ ይሰጣል፣ አፑ ቤቱን ወደ ታች ይገፋል። ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ የማይጎዳው፣ አንድ ትልቅ ኩሽና ተሠርቶ ቀዝቅዞ የሚመጣው ምግብ ነው። ከዚያ «ገበያው መረጠ» እንላለን። ምን ገበያ! የመረጥነው እኛ ነን፣ የደረጃ አሰጣጡን ኮድ የጻፍነው።

መስከረም 2016 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሚሽላን የመጀመሪያውን የሻንጋይ መመሪያ አወጣ። በዚያው ሰሞን ከ30 ዓመት በላይ የቀይ ሽንኩርት ሳይሆን የባሮ ቂጣ ሲጋግሩ የኖሩ፣ ቢቢሲ ሳይቀር ያሳያቸው ሰው ፈቃድ የላችሁም ተብለው ተዘጋባቸው። የሚሠሩት ከመኖሪያ ቤታቸው ነበር። ሕዝቡ ጮኸ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ከቺያንግ ሳይቀሩ ጉዳዩን አነሱት፤ ሌላ ቦታ ተገኝቶላቸው ተከፈተ። ቦታ በማግኘቱ የረዳቸው የዴሊቨሪ ኩባንያ መሆኑን አልደብቅም። ግን ቢቢሲ ያላያቸውስ? በ2017 ቤይጂንግ ውስጥ የስንቱ ሰፈር ሱቅ በር በጡብ ተደፈነ።

«ንጽህናስ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፣ የተቃጠለ ዘይት ደጋግሞ የሚጠቀም ይቀጣ። ነገር ግን ባግ ስናገኝ ባጉን ነው የምናስተካክለው፤ ሰርቨሩን በጡብ አንደፍንም። ለሁለት ምድጃና ለአራት በርጩማ የሚሆን ፈቃድ መጻፍ ለአንድ ከተማ ይህን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም።

እኔ እማርበት ከነበረው ግቢ አጠገብ የነበረችው ቤት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ መብራቷ በርቶ ነው የሚያድረው። ጡረተኞች ይመጣሉ፣ ታክሲ ነጂዎች ይመጣሉ። የሌላውን ሰው ቁርስ በሞተር የሚያደርሱት ልጆችም፣ የራሳቸውን የሚበሉት እዚያ ቁጭ ብለው ነበር።